ሰማንያ ሦስት ሚሊሰከንድ

ማሲንቆ አንድ ክር ያለው መሣሪያ ነው። ክሩ የፈረስ ጭራ ነው፤ ብዙ ፀጉር አንድ ላይ ተሰብስቦ። ደጋኑም የተወጠረው በዚያው በፈረስ ጭራ ነው። ሁለቱ ጭራዎች እርስ በርስ እንዲያያዙ ደጋኑ ዕጣን ይታሻል። የድምፁ ሳጥን ከአራት ጣውላ የተገጠመ ነው፤ በማዕዘኑ ይቆማል፣ ፊቱና ጀርባው ቆዳ ይለብሳል። አንገቱ ሳጥኑን አቋርጦ ያልፋል። ክሩ ከታች ይነሳል፣ በቆዳው ላይ በቆመች ትንሽ እንጨት ላይ ይሻገራል፣ ከላይ መቃኛው ላይ ይጠመጠማል። የመቺው ጣት ክሩን አንገቱ ላይ አይጫነውም፤ ከጎኑ ነካ ያደርገዋል እንጂ። ስለዚህ በአንዱ ድምፅና በሚቀጥለው መካከል ደረጃ የለም። ጣቱ የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ድምፅ ነው።

ጎንደር ውስጥ የጭፈራ ሙዚቃ የሚያቀናብር ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ መሣሪያ ፊት ነው። ሰሞኑን በዚህ ሙያ የቆየሁባቸውን ዓመታት ቀረፃዎች ከድሮ ሀርድ ዲስክ ላይ እየገለበጥሁ ነበር። ለሠርግ የተሠሩ አሉ። ለክሊፕ የተሠሩ አሉ። የጭፈራ ቤት ዲጄዎች ያሠሯቸው ሪሚክሶችም አሉ። ጆሮዬ የሄደው ወደ ዜማው አልነበረም፤ ወደ መጋጠሚያው ነበር፦ ሰው የመታው ነገር ማሽን ከመታው ጋር የሚገናኝበት ቦታ። የአቀናባሪ እጅ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ከማይኩ ልጀምር። ማይኩ ወደ ደጋኑ ከቀረበ የዕጣኑ መፋተግ ሁሉን ይሸፍናል። ወደ ቆዳው ከተጠጋ ሳጥኑ ያጉረመርማል፣ የጣቱ ሥራ ይጠፋል። እኔ የምመርጠው ከቆዳው 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ክሩን ወደተሸከመችው ትንሽ እንጨት ያነጣጠረ ማይክ ነው። ከዚያ ላይ ሁለት ጣት ያህል ወደ ጎን ሲዞር ድምፁ ይለወጣል፤ ይህን የሚወስነው ጆሮ እንጂ ሜትር አይደለም። ክፍሉም የራሱ ድርሻ አለው። በየትናንሹ ስቱዲዮ የእንቁላል ትሪ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የተለመደ ነው። ትሪው ቀጭኑን ድምፅ ጥቂት ይበትን እንደሆነ እንጂ ወፍራሙን አይዝም። የጥጥ ፍራሽና ወፍራም ብርድ ልብስ በጣም ይሻላሉ፤ ጥግ ጥጉን በጥቅል ፍራሽ መሙላት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፣ ወፍራሙ ድምፅ የሚጠራቀመው ጥግ ላይ ነውና።

ዋናው ፈተና ግን ሌላ ነው። አዝማሪው እየመታ ይዘፍናል። «ጋሼ፣ ለጊዜው ሳይዘፍኑ ማሲንቆውን ብቻ ይምቱልኝ» ማለት ይቻላል። እሺ ብሎ ይመታል። ነገር ግን የወጣው ምት ግማሽ ነው። እጁና ጉሮሮው አብረው የተማሩ ናቸው፤ ስንኙ ሲያልቅ ደጋኑ ይረዝማል፣ ትንፋሽ ሲወስድ ማሲንቆው ክፍተቱን ይሞላለታል። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ያለችው ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር መሆኗ የታወቀ ነው፤ ሙያው በቤተሰብ ውስጥ የሚወረስ ስለሆነ ልጁ መምታትንና መዝፈንን ለይቶ አይማርም። ስለዚህ ሁለቱን አብሮ መቅዳት ግድ ይላል። አንዱ ማይክ ለአፉ፣ አንዱ ለሳጥኑ። በሁለቱ ማይኮች መካከል ያለው ርቀት እያንዳንዱ ማይክ ከራሱ ድምፅ ካለው ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ መሆን አለበት፤ የሳጥኑም ማይክ ከ35 ቀርቦ ሁለቱም 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ካሉ በመካከላቸው 45 ሴንቲ ሜትር መኖር አለበት። ያ ካልተጠበቀ አንዱ ድምፅ በሁለቱም ይገባና እርስ በርሱ እየተጣፋ ይሳሳል። በትክክል ቢሠራም እንኳ ጥቂት ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው መፍሰሱ አይቀርም። ያን ፍሳሽ ለማጥፋት መታገል ከንቱ ድካም ነው። ከነፍሳሹ መሥራት ይሻላል።

ከዚያ ቅኝት ይመጣል። አዝማሪ ማሲንቆውን የሚቃኘው በገዛ ጉሮሮው ነው። ዛሬ ጉሮሮው ከበድ ካለው ክሩን ዝቅ ያደርጋል። የሥር ድምፁ 228 ኸርዝ ላይ አረፈ እንበል። ኪቦርድ ላይ ‹ላ› 220 ነው፣ ቀጣዩ ጥቁር ቁልፍ 233 ነው። አዝማሪው በሁለቱ መካከል ተቀምጧል፤ ከ‹ላ› 62 ሴንት ያህል ከፍ ብሎ። ሴንት ማለት የአንድ ግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው። ብዙ አቀናባሪ እዚህ ላይ ማሲንቆውን በኮምፒውተር ጎትቶ ወደ ቅርቡ ቁልፍ ያመጣዋል። ማሲንቆው ይታዘዛል፤ ነገር ግን የሳጥኑ ቀለም አብሮ ይዛባል፣ አፉ ላይ ያለው አናባቢም ይጣመማል። ሌላው መንገድ ኪቦርዱን ወደ አዝማሪው መውሰድ ነው። አብዛኛው ሲንተሳይዘር አጠቃላይ መቃኛ አለው፤ 62 ሴንት ከፍ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ኪኩም፣ የማሽኑ ትልቁ ከበሮ፣ ይቃኛል። 228 ለአራት ሲካፈል 57 ነው፤ የማሽኑ ከበሮ 57 ኸርዝ ላይ ሲያርፍ ከማሲንቆው ሥር በትክክል ሁለት ኦክታቭ ይወርዳል። አድማጩ ይህን ቁጥር አያውቅም። ቤዙ ለምን እንዳልከበደው፣ ለምን ማሲንቆው በላዩ ተንሳፍፎ እንደሚሰማ ግን ይሰማዋል።

ኮርድ ላይ ቁጥብ መሆን ያዋጣል። የአንቺሆዬን ድምፆች ከ‹ዶ› ብንነሳ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ ናቸው። ‹ዶ› ላይ የቆመ የፈረንጅ ኮርድ ሚ እና ሶል ይፈልጋል፤ ሁለቱም እዚህ ቅኝት ውስጥ የሉም። ኮርዱ ሲገባ ቅኝቱ ይሰበራል። ትዝታ ሙሉው ይታገሣል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለሆነ ብዙ ኮርድ ይሸከማል። በሬድዮ የምንሰማው የጭፈራ ቅንብር ወደ ትዝታ ሙሉ የሚያዘነብልበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። አንቺሆዬን ለማቀናበር የሚደፍር ሰው ከሥሩ አንድ የማይንቀሳቀስ ቤዝ ዘርግቶ ዝም ማለትን መማር አለበት።

አሁን ወደ ምቱ። የጎንደር እስክስታ በስድስት ይቆጠራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፤ ክብደቱ አንድና አራት ላይ ነው። ሙዚቀኞች ጭክጭካ የሚሉት ይህን ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ቺካጎ ውስጥ የተወለደው ሃውስ ደግሞ በአራት ይቆጠራል። ኪኩ አራቱንም ይመታል፣ በሁለት ኪኮች መሀል ልክ እኩሌታው ላይ ሃይ ሃቱ፣ ቀጭኑ የብረት ድምፅ፣ ይገባል። እነዚህ ሁለቱ የማይታረቁ ይመስላሉ። በሠንጠረዥ ላይ ሲቀመጡ ግን ሌላ ነገር ይታያል።

ስሌቱ እንዲቀል ፍጥነቱን በደቂቃ 120 ምት እናድርገው። ከአንድ ኪክ እስከሚቀጥለው 500 ሚሊሰከንድ ነው፤ ግማሽ ሰከንድ። የእስክስታው አንድና አራት ኪኩ ላይ ሲያርፉ ያ ግማሽ ሰከንድ ለሦስት ይከፈላል፤ ሁለተኛው ምት 167 ላይ፣ ሦስተኛው 333 ላይ ይወድቃል። የሃውሱ ሃይ ሃት ግን 250 ላይ ነው። ከአንዱ 83 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ፣ ከሌላው 83 ሚሊሰከንድ ቀድሞ። ማለትም ሁለቱ ሙዚቃዎች በኪኩ ላይ ፍጹም ይስማማሉ። ጠባቸው በመሀሉ ነው፣ እርሱም ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው።

ይህ ትንሽ ይመስላል። ትከሻ ግን ይሰማዋል። የእስክስታ ትከሻ የሚወርደው በትልቁ ምት ላይ ብቻ አይደለም፤ የሚንቀጠቀጠው በመሀሎቹ ነው። ሃይ ሃቱ በ167ና በ333 መካከል ሲገባ ጨፋሪው ማንን እንደሚከተል ያጣል። እግሩ ከኪኩ ጋር ይሄዳል፣ ትከሻው ግን ይቆማል። ‹‹የጎንደር ሪሚክስ›› ተብለው ከወጡት ብዙዎቹ ጨፋሪውን የሚያዘልሉት፣ እስክስታ ግን የማያስወርዱት በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። ቀላሉ ማሲንቆውን እየቆራረጡ በአራት በተከፈለው መስመር ላይ ማስቀመጥ ነው። ኮምፒውተሩ በአንድ ትእዛዝ ይሠራዋል። ውጤቱ ሰልፍ ነው። ሁለተኛው ሃይ ሃቱን ይዞ 83 ሚሊሰከንድ ወደ ኋላ ማዘግየት ነው፤ 333 ላይ፣ ከአጨብጫቢ እጅ ጋር። ኪኩ ከቦታው አይነቃነቅም። ዲጄው ከሌላ ሃውስ ጋር ሊያያይዘው ይችላል፣ አራቱ ኪክ አሉና። ጨፋሪው ደግሞ ትከሻውን ያገኛል። በአንድ ድምፅ መንቀሳቀስ ሁለት ዓለም ገጠመ። በዚህ ሙያ ያየሁት ከሁሉ የሚያምር ሥራ ይህ ነው፤ አድማጭ ተደረገ ብሎ እንኳ አይጠረጥርም።

ማሚቶውም በዚያው ልክ መቃኘት አለበት። በሃውስ ዘንድ የተለመደው የማሚቶ ጊዜ በዚህ ፍጥነት 375 ሚሊሰከንድ ነው። እስክስታ ላይ ሲጨመር ከሦስተኛው ምት 42 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል፣ አዝማሪው የተንተባተበ ይመስላል። 333 ሲደረግ ማሚቶው ከተቀባዮቹ አንዱ ይሆናል።

ይህም ሁሉ ሆኖ አዝማሪው የሰዓት ቆጣሪ አይደለም። ስንኙ ሲሞቅ ምቱ ይፈጥናል፤ 118 ላይ የጀመረ 126 ላይ ሊጨርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው አብልተን ላይቭና እርሱን የመሰሉ ፕሮግራሞች ድምፅን እንደ ጠፍር እንድንለጥጥ ፈቅደውልናል፤ የተለመደው አሠራርም አዝማሪውን ጎትቶ አንድ ፍጥነት ላይ መቸንከር ነው። ግን እነዚያው ፕሮግራሞች በተቃራኒውም ይሠራሉ። በየአራት ምቱ አዝማሪው የወደቀበትን ቦታ ምልክት አድርጎ የማሽኑን ፍጥነት ወደ እርሱ ማጠፍ ይቻላል። ለአንድ የአምስት ደቂቃ ዘፈን ከመቶ በላይ ምልክት ይፈልጋል። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ቀኑን ይበላል። ሲጠናቀቅ ድራም ማሽኑ ከአዝማሪው ጋር አብሮ ይሞቃል።

ስለ መቁረጥ አንድ ነገር ልጨምር። ሪሚክስ ማለት መድገም ነው፤ ዲጄ አራት ምት ቆርጦ ያሽከረክራል። የአዝማሪ ግጥም ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይመጣል። የመጀመሪያው መስመር ያዘጋጃል፣ ሁለተኛው ቤት ይመታል። በሁለቱ መካከል ትንፋሽ አለ። ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ሁለተኛው ነው፣ የሚያስጮኸው እርሱ ነውና። ያለ መጀመሪያው ሲደጋገም ባዶ ጩኸት ይሆናል። ጥሩ እጅ ያለው አቀናባሪ ሁለቱን መስመር ከነትንፋሹ አንድ ጊዜ ሙሉውን ያሰማል፤ ከዚያ በኋላ የሚደጋግመው ነገር ከየት እንደመጣ አድማጩ ያውቃል። ትንፋሹን ማጥፋት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። ግማሽ ሰከንድ የማይሞላ ነገር ነው፣ ግን ሰውየው ክፍሉ ውስጥ እንደነበረ ምስክሩ እርሱ ነው።

ከበሮውን በአጭሩ ልለፈው። እንጨቱ ተቦርቡሮ በሁለት በኩል ቆዳ ይለብሳል፣ ቆዳዎቹ በጠፍር ይሳሰባሉ። አንዱ ፊት ሰፊ ነው፣ አንዱ ጠባብ። ክረምት ሲገባ ቆዳው ይላላል፤ ስለዚህ ከመቅዳት በፊት እሳት ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ከማሽኑ ኪክ ጋር ሲደራረብ የቦታ ክፍፍል ያስፈልጋል፦ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ለኪኩ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለቆዳው። የእጅ ምት ከማሽን ምት ይልቅ ቀስ ብሎ ይነሳል። ሁለቱ እኩል እንዲያርፉ ከበሮውን ጥቂት ሚሊሰከንድ ማስቀደም ያሻል፤ አለዚያ አንዱ የሌላውን ሆድ ይበላል፣ ቤዙም ይሳሳል። የተጠናቀቀውን ሥራ ደግሞ በስቱዲዮ ስፒከር ብቻ መስማት አይበቃም። የሠርግ ዳስ ሞንታርቦ ቤዙን ያገንነዋል፣ የባጃጅ ስፒከር ደግሞ ቤዝ የሚባል የለውም። በሁለቱም ውስጥ ማሲንቆው ከተሰማ ሚዛኑ ልክ ነው።

ወደ ሌሎች ሰዎች ሥራ ልሂድ፤ ከእነርሱ የተማርሁት ይበልጣልና። ኃይሉ መርጊያ የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ‹ሸሞንሟናዬ› የተባለችውን ካሴት ሠራ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘር፣ ድራም ማሽን፤ ሁሉንም አንድ ሰው፣ አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ። ካሴቷ እ.ኤ.አ. በ2013 ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው አሳታሚ እንደገና ስትወጣ ዓለም ሰማት። እኔ ደጋግሜ የማዳምጠው አኮርዲዮኑን ነው። ማሽኑ አይዘገይም፣ አይቸኩልም። አኮርዲዮኑ ግን ሐረጉን ሲጀምር ከማሽኑ ጥቂት ዘግየት ይላል፣ ሲጨርስ ይደርስበታል። የአኮርዲዮን ድምፅ በአየር ስለሚነሳ አጀማመሩ ለስላሳ ነው፤ ኃይሉ ያን ልስላሴ በደረቁ ማሽን ላይ ዘረጋው። ድራም ማሽኑን ሰው ለማስመሰል አልሞከረም። ማሽኑ ማሽን ሆኖ ቆመ፣ ሰውየው ሰው ሆኖ ተጫወተ፣ መሀላቸው ያለው ክፍተት ሙዚቃው ሆነ። በአገራችን የማሽን ምት ላይ ከተሠራው ሁሉ እስካሁን የሚበልጠው አልሰማሁም።

ሪሚክስ የሚባለው ነገር ከሁለት ከተሞች ነው የመጣው። ኪንግስተን ውስጥ የሬድዮ ጠጋኙ ኪንግ ተቢ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በሰው ዘፈን ውስጥ ቤዙን እንዳለ ትቶ ሌላውን ድምፅ እያወጣና እያስገባ ሚክሰሩን መሣሪያ አደረገው። ኒው ዮርክ ውስጥ ቶም ሞልተን ዘፈኑን ለጨፋሪ አስረዘመው። አንዱ ቀነሰ፣ አንዱ ጨመረ።

ከኪንግ ተቢ ወገን የሆነ አንድ ሥራ የእኛንም ሙዚቃ ነክቷል። የቻግኒዋ እጅጋየሁ ሽባባው፣ ጂጂ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ ባወጣችው አልበም ላይ እነ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ ተጫውተዋል። አዘጋጁ ቤዝ ተጫዋቹ ቢል ላስዌል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ያንኑ አልበም ራሱ ላስዌል ‹ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ› ብሎ በሪሚክስ መልሶ አወጣው። ከዚያ በፊት የማይልስ ዴቪስንና የቦብ ማርሌን ቀረፃዎች በዚሁ መንገድ ሠርቶ ነበር። እነዚያ ታላላቅ ሙዚቀኞች የተጫወቱት ሁሉ እጁ ላይ ነበር፤ የሠራው ሥራ ግን በዋናነት ማንሳት ነው። ዘፈኑ የቆመበትን ግንብ አፍርሶ መሠረቱን አሳየ። የጂጂ ድምፅ ተቆርሶ ከሩቅ ይመጣል፣ በማሚቶ ይሄዳል። ቤዙ ሰፊ ቦታ ይዟል። የትኛውም ነገር ሲገባ ቀድሞ ቦታ ተለቅቆለታል፤ ሁለት ነገር አንድ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ይህን ጥንቃቄ እጅግ አከብራለሁ። ቅሬታዬም አንድ ነው፦ አማርኛ ለሚሰማ ሰው የጂጂ ቃል ከዜማዋ አይለይም። ቃሉ ሲቀር ውበቱ ቀረ አልልም፤ ግን ላስዌል ያልሰማው አንድ መሣሪያ ነበር፣ እርሱም ግጥሙ ነው።

አንድን ዜማ በተለያየ አረማመድ መልሶ መሥራት ከውጭ የመጣ ጥበብ እንደሆነ ሲነገር እሰማለሁ። የጎንደር ሰው እንዲህ ሊል አይገባውም። ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ዜማ ማስመስከሪያ ናት። አቋቋም ላይ አንድ ዜማ መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ያለ መሣሪያ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ። ከዚያ በዝማሜ ይባላል፤ መቋሚያው እየተወዘወዘ። ከዚያ መረግድ ይመጣል፣ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ ንዑስ መረግድ፣ ቀጥሎ ዐቢይ መረግድ። በመጨረሻ ጽፋት፤ ምቱ ይፈጥናል፣ እጅ ያጨበጭባል። ቃሉ ያው ነው። የተለወጠው አረማመዱ ነው። ማኅሌት ቅዱስ አገልግሎት ነው፣ ከጭፈራ ጋር ላወዳድረው አልከጀልሁም። የምናገረው ስለ አሠራሩ ብቻ ነው። አንድ መሣሪያ በገባ ቁጥር ከእርሱ በፊት የነበረው በቂ ጊዜ አግኝቷል። ከበሮው ከመግባቱ በፊት ሊቃውንቱ ረጅም ሰዓት ያለ ከበሮ ቆመዋል። ስለዚህ ሲገባ ይገባል። ዛሬ ኪኩን ከመጀመሪያው ሰከንድ የሚጀምር አቀናባሪ ይህን ልዩነት ቢያጤነው ብዙ ያተርፋል። በጥምቀት ዋዜማና በዕለቱ ፋሲለደስ መዋኛ አካባቢ የቆመ ሰው ማኅሌቱንም የወጣቶቹን ጭፈራም በአንድ ቀን ይሰማል፤ ጆሮ የሚሰለጥነው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ከአዲሶቹ መካከል ሚካኤል ሰይፉንና እንደገና ሙሉን አዳምጣለሁ። ሥራቸውን ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ ይሉታል። ሚካኤል ‹የአራዳ ልጅ›ን እ.ኤ.አ. በ2014፣ ‹ዘላለም›ን በ2016 አወጣ። ‹ዘላለም› ውስጥ የሚያስደስተኝ አለመቸኮሉ ነው፤ ባሕላዊው ድምፅ ጌጥ ሆኖ ከላይ አልተለጠፈም፣ ምቱ ራሱ ከእርሱ ተነስቷል። ሮፍናን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ‹ነፀብራቅ› ደግሞ ይህን ዓይነት ሙዚቃ ከጥቂት አድማጭ አውጥቶ ለሕዝብ አደረሰው። ከእርሱ ወዲህ ዲጄ ነኝ ብሎ ለቤተሰብ መንገር ቀሏል።

ለሚቀጥለው ትውልድ አቀናባሪ ይህን እላለሁ። ያልተነካውን ቀረፃ አስቀምጡ፤ ሪሚክሱ ያረጃል፣ ቀረፃው አያረጅም። ከጎኑ ቅኝቱን፣ የሥር ድምፁን ኸርዝና የተቀዳበትን ቀን ጻፉ። የአዝማሪው ፈቃድና ድርሻ በወረቀት ይስፈር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ ብቻ ሳይሆን ለከዋኝም መብት ይሰጣል፤ ማሲንቆ የሚመታው ሰው ከዋኝ ነው። በድሮ ፋይሎቼ ውስጥ ‹ማሲንቆ 1›፣ ‹ማሲንቆ 2›፣ ‹ማሲንቆ አዲስ› የሚሉ ስሞች ሞልተዋል፤ በጊዜው ሁላችንም የምናደርገው እንዲያ ነበር። እናንተ ግን ፋይሉን በመቺው ስም አስቀምጡት።